ከዝናም በፊት የሚሠራ ሥራ

እግዚአብሔር አዳምን ፈጥሮ በገነት ባኖረው ጊዜ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አላደረገውም፤ ገነትን የመንከባከብና የመጠበቅን አገልግሎት ሰጠው እንጂ (ዘፍ. 2፥15)። እሾህና ወዝ ከበደል በኋላ መጡ፤ ሥራው ግን ከበደል በፊት የነበረ ነው። ስለዚህ ጓሮውን የሚቆፍር ክርስቲያን የተናቀ ተግባር እንደሚፈጽም ሊያስብ አይገባውም።

ይህን እንድንናገር ያነሣሣን ወራቱ ነው። በወላይታ፥ ከሶዶ ወደ ምዕራብ በኦሞ ወንዝ አቅጣጫ በምትገኘው በቤሌና በአካባቢዋ የበልግ ዝናም ከመጣሉ በፊት፥ በጥርና በየካቲት፥ ጓሮ የሚሰናዳበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ወራት፥ ከመጋቢት እስከ ሰኔ፥ የጎተራው እህል የሚያልቅባቸው፥ አዲሱም ገና የማይደርስባቸው የጭንቅ ወራት መሆናቸውን የአገሩ ሰው ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. አገራችንን የመታው ረኃብ ወላይታንም እንደ ጐዳ አይዘነጋም። በእንዲህ ያለው ጊዜ ቤተ ሰብን የሚደግፈው በቤት ዙሪያ የተተከለው እንሰት፥ ጎደሬ፥ ስኳር ድንችና ጎመን ነው።

ሥራውስ እንዴት ያለ ነው? መሬቱ አስቀድሞ በዶማ ጠልቆ ይቆፈራል፤ የመጀመሪያው ዝናም አፈሩን አጥቦ እንዳይወስድ፥ ይልቁንም ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ነው። የጎመን ዘር የሚዘራበት መደብ ወርዱ ከ1 ሜትር አይበልጥም፤ የሚያርመው ሰው አፈሩን ሳይረግጥ ከግራም ከቀኝም እጁን ዘርግቶ መካከሉን እንዲደርስበት ነው። ችግኙም ውኃ እየተርከፈከፈለት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያም ፀሐይ ሲበርድ ወደ ቦታው ይዛወራል። እነሆ፥ ዝናም ሲጥል መቆፈር የሚጀምር ሰው ስንት ሳምንት እንዳለፈው ተመልከቱ!

ከዚህ ሥራ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛው ከፍግ ነው። በወላይታ ከቤት አጠገብ ያለው አፈር ጠቁሮና ለስልሶ፥ ራቅ ያለው ግን ቀልቶ ይታያል። ልዩነቱ የመጣው በብዙ ዘመን ትጋት ነው፤ እናቶች የከብቱን ፍግ፥ የምድጃውን አመድና የቤቱን ጥራጊ ዕለት ዕለት እያወጡ አፈሩን መግበውታልና። ነገር ግን ትኩስ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ ሊጠቅም የሚችለው ቆይቶ ሲበሰብስ ነው። ጌታችን በምሳሌ የነገረን ያ የአትክልት ሠራተኛ ፍሬ ላጣችው በለስ አንድ ዓመት ጨምሮ ሲለምንላት ሥርዋን ሊቆፍር፥ ፍግም ሊያፈስስ ቃል ገብቶ ነበር (ሉቃ. 13፥6-9)። ንስሓም እንዲሁ ነው። በልብ የተከማቸው ርኩሰት በንስሓ አባት ፊት ሲወጣ ለትሕትና አፈር ይሆናል፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን የተሰጠን ስለዚህ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት ብቻ የሚነቃ ሰው ዝናም ሲጥል ዶማ ከሚፈልገው ሰው በምን ይለያል?

ሁለተኛው ከቢላዋ ነው። እንሰትን የሚያደርቀው አጠውልግ የተባለው በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የገበሬው የገዛ መሣሪያው ነው። የታመመውን የቈረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይነጻ ጤነኛውን ቢነካ፥ ባለቤቱ ያለማሁ ሲል በእጁ ያጠፋል። አንደበታችን እንደዚህ ቢላዋ ነው። በአንዱ ቤት ሐሜት ሰምቶ ሳይነጻ ወደ ሁለተኛው ቤት የሚገባ ምላስ ጤነኛውን ፍቅር ያጠወልጋል። ስለዚህ ጾም የሚጾም ሰው አፉን ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከክፉ ነገርም ይከልክል፤ ምላሱንም በጸሎት እሳት ያንጻ።

ሦስተኛው ከድንበር ነው። ወላይታ ሕዝብ የበዛበት፥ የእያንዳንዱም ይዞታ የጠበበበት አገር ነው። አጥር በሚታደስበት በዚህ ወራት አንድ ስንዝር መግፋት ቀላል ይመስላል፤ ወንድምን ከወንድም የሚያካስሰው ግን ይህችው ስንዝር ናት። ንጉሥ አክዓብ ቤተ መንግሥት ሳለው የናቡቴን የወይን ቦታ የተመኘው የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ነበር፤ ስለ ጎመን መደብ የንጹሕ ሰው ደም ፈሰሰ (1ኛ ነገ. 21)። ከወንድም በተቀማ መሬት የበቀለ ጎመን የጾም ምግብ ሊሆን አይችልም።

ደግሞም ጓሮው የሞላለት ሰው የተራበውን ሁሉ ሰነፍ ብሎ አይፍረድበት። መሬት ያጣ አለ፤ ሕመም ያደከመው አለ፤ ቆፍሮ ዘርቶ ዝናም የቀረበትም አለ። በኦሪት ባለ እርሻው የእርሻውን ዳር ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዞ ነበር (ዘሌ. 19፥9-10)። እኛም መደብ ስናወጣ ከመደቦቹ አንዱን አስቀድመን ለጎረቤት እንመድብ፤ ምጽዋት ከትርፍ የሚወጣ ብቻ ሳይሆን ከዘሩ ጀምሮ የታሰበ ይሁን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ዝናሙን የሚያወርድ፥ ዘሩንም የሚያበቅል እግዚአብሔር ነው፤ ለእኛ የተወው መቆፈሩን ነው። ያልተቆፈረ መሬት ዝናም ቢወርድበት ውኃው በላዩ አልፎ ይሄዳል፤ ያልተሰናዳ ልብም ጸጋ ሲቀርብለት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ደመናው ሳይጠቁር በጓሯችንም በልባችንም ዶማችንን እናንሣ።

የእግዚአብሔር ቸርነት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ይርዳን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።