ለማይታይ ሰው የሚሰጥ ምጽዋት

በበዓል ቀን እንጅባራ ላይ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጡትን ነዳያን ባዶ እጅ ማለፍ ይከብዳል። ዓይን ለዓይን ከተገጣጠሙ እጅ ወደ ኪስ ይገባል። ለነርቭ በሽታ ምርምር ገንዘብ አዋጡ ብንባል ግን ብዙዎቻችን እናመነታለን። ተቀባዩ አይታየንማ! ደግሞስ የራበው ሰው ደጅ ቆሞ ሳለ ለላቦራቶሪ መስጠት ቅንጦት አይደለምን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ጓያን ማየት ይበጃል።

ጓያ ድርቅንም ውሃ የሚተኛበትንም መሬት ይችላል። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሌላው አዝመራ ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል፤ መከራውም የሚመጣው በክፉ ቀን ለወራት እርሱ ብቻ ሲበላ ነው። በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ እግርን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳል። ሰውየው አእምሮው ሳይነካ እግሩ ይገተራል፤ ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ይሄዳል። የሚያድን መድኃኒት የለውም።

እንግዲህ ሰውየው ሽባ ከሆነ በኋላ የምንሰጠው ምጽዋት ያጎርሰዋል እንጂ አያስነሳውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህንን ነው። ቀድሞ መድረስ የሚችለው እውቀት ብቻ ነው።

እውቀቱ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። መርዙ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በ1989 ኒው ዮርክ የሚገኘው የሦስተኛው ዓለም የሕክምና ምርምር ፋውንዴሽን ስለ ጓያ የተደረጉ ጥናቶችን በመጽሐፍ አሳተመ። ከ1995 ጀምሮ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት ድርቅን ተከትሎ ከ2000 በላይ ሰዎች በጓያ ተጎዱ። ተመራማሪዎች ሕዝቡ ምን እንደበላና እንዴት አዘጋጅቶ እንደበላ ጠየቁ። በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን እንደሚቀንስ አመለከተ። ስለዚህ በጊዜ የደረሰ የእርዳታ እህል ከረኃብ ብቻ ሳይሆን ከሽባነትም ያድናል። ለተራበው መስጠትና ለምርምር መስጠት እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

በ2014 በሀብታም አገሮች ሰዎች በረዶ የገባበት ውሃ በራሳቸው ላይ እያፈሰሱ፣ ኤ.ኤል.ኤስ. ለተባለ ሌላ የነርቭ በሽታ ለአንድ የአሜሪካ ማኅበር ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። መልካም አደረጉ፤ በሽታው በእነርሱም ሰፈር አለና። ጓያ የሚጎዳው ግን ደሃውን ገበሬ ነው፤ ለእርሱ በዚያ መጠን የሚያዋጣ ጎረቤት ከየት ይመጣል?

የደላንታ ሕሙማን ግን ሰጥተዋል። መልሳቸው የራሳቸውን እግር እንደማይመልስ የታወቀ ነው፤ የተጠቀመበት ገና ያልተጎዳው ሰው ነው። ምርኩዝ የያዘ ሰው ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል ከሰጠ፣ በእድርና በማኅበር መዋጮ የለመድነው እኛ ስንት እንሰጣለን?