በነሐስ ላይ የተጻፈ ቃል

ገንዘብ ሲቀበል ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። በሆሳዕና ገበያ በሀዲይኛ ተከራክራ ቆጮዋን የሸጠች ባልቴት ብሩን የምትለየው በቀለሙና በሥዕሉ ነው፤ የተማርን የምንባለውም ከእርሷ አንሻልም። የጥንት ግሪኮች ይህን ጠንቅቀው የተረዱ ይመስላል። የአቴንስ ከተማ በብር ገንዘቧ ላይ የአምላኳን የአቴናን ጉጉት ስታስቀርጽ፣ ታላቁ እስክንድርም በአንዱ ገጽ የአንበሳ ቆዳ የደፋውን ሄራክልስን፣ በሌላው በዙፋን የተቀመጠውን ዜውስን ሲያስመታ፣ ፊደል ያልቆጠረው ግሪክ ሁሉ ከአያቶቹ የሰማውን ተረት በመዳፉ ላይ ያገኘው ነበር።

ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በሦስተኛው ምዕተ ዓመት የራሳቸውን ገንዘብ ማስመታት የጀመሩት የአክሱም ነገሥታት ከግሪክ የተዋሱት ፊደሉንና ቋንቋውን እንጂ አማልክቱን አልነበረም። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ማሕረም የተባለው አምላኩ በግሪክኛው አሬስ ተብሏል። በገንዘቡ ላይ ግን የምናየው አሬስን ሳይሆን ጨረቃንና ክብን፣ በኋላም መስቀልን ነው። በወርቁ ላይ የንጉሡን ምስል ግራና ቀኝ ያቀፉት ደግሞ ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ነሐሱ ነው። ወርቁ በይበልጥ ለውጭ ንግድ ሲውል፣ ነሐሱ በአገር ውስጥ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። በክርስትናው ዘመን መጀመሪያ በተመታው ነሐስ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል ሰፍሯል፤ ነገር ግን በግሪክኛ! ተቀባዩ ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ የተሰጠ ቃል፣ ቃል ነውን? በጎ ሐሳብ በየትኛውም ቋንቋ በጎ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ቃል የገባ ሰው በቃሉ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ያላነበበ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? ከዚያ ጽሑፍ ይልቅ ዛላው ይታመናል፤ ገበሬው አይቶ «ይህስ የእኔ ነው» ሊል ይችላልና። (ለሀዲያና ለከምባታ ገበሬ ቢሆን የእንሰት ቅጠል በተገባ ነበር።) የሚያሳዝነው፣ ዛላው ያጌጠው ገበሬው እምብዛም በማይጨብጠው ወርቅ ላይ መሆኑ ነው። በሰባተኛው ምዕተ ዓመት፣ የአክሱም ገንዘብ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ ንጉሥ አርማሕ ለሕዝብ ደስታ ይሁን የሚለውን ምኞት በግዕዝ አስጻፈው። ለዚህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች ሁለቱ ሀዲይኛና ከምባትኛ ነበሩ። ሽማግሌው በገዛ ቋንቋው ማንበብ ጀመረ፤ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ግን አሁንም አማርኛ ስለ ነበር የግብር ደረሰኙን ለማስነበብ ልጁን መጥራቱ አልቀረም። እኔም ይህን የጻፍሁት በአማርኛ ነው። ያቺ ቆጮ ሻጭ ባልቴት «ስለ እኔ ምን አልህ?» ብላ ትጠይቀኝ ዘንድ ማን ይተርጉምላት?