የተወደደ ዜማ፦ ምስክርነት ወይስ ፍርድ?

አንድ ሰው በዕድሜው ከሰማቸው ዘፈኖች ሁሉ አብልጦ የሚወደውን እንዲናገር ቢጠየቅ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ራሱ ይሆናል። ስንት ዓመቱ እንደ ነበረ፣ ሸክላው የማን እንደ ነበረ፣ በማን ቤት በየትኛው ምሽት እንደ ሰማው ይተርካል እንጂ የዜማውን አወራረድ ወይም የጊታሩን አመታት እምብዛም አያነሣም። የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች በተለይ በዚህ የታወቁ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚያመሰግነው ዘፈኑን ነው ወይስ የገዛ ወጣትነቱን? ወጣትነቱን ከሆነስ፣ ስለ ኪነ ጥበብ የሚሰጠው ቃል ምን ያህል ሊታመን ይገባል?

ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ሌላው ሰው ምን መስማት እንዳለበት የመወሰን ዕድል የተሰጠው አስተማሪ፣ የሬዲዮ ዝግጅት ኀላፊ ወይም የኪነት ቡድን መሪ፣ በልቡ የቀረውን የወጣትነት ዜማ ሳያውቀው ሚዛን አድርጎ ሊመዝንበት ይችላልና።

ለዚህ ጉዳይ መልካም አብነት የሚሆነው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት፣ ይልቁንም በሌኒንግራድ ከተማ የታየው የ«አጥንት ሙዚቃ» ነው። የመንግሥት የሸክላ ፋብሪካዎች የማያወጡትን ዘፈን የሚሹ ሰዎች፣ ሆስፒታሎች የጣሏቸውን ያገለገሉ የራጅ ፊልሞች እየሰበሰቡ፣ በመቀስ ክብ አድርገው እየቆረጡ፣ መካከላቸውን በሲጋራ እሳት እየበሱ፣ በእጅ በተሠራ መቅረጫ ዜማ ይቀርጹባቸው ነበር። ሸክላው የሚቀረጸው በአንድ ገጹ ብቻ ሲሆን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል። ወደ ብርሃን ሲያነሡት የማይታወቅ በሽተኛ ጎድን ወይም የእጅ ጣቶች ይታዩበታል። ጥቂት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ መርፌው ይፍቀውና ያልቃል። በመጀመሪያ የሚበዙት በስደት የሚኖሩ የሩስያ ዘፋኞች ዜማዎችና ጃዝ ነበሩ፤ ሮክ ኤንድ ሮል የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ከቀራጮቹ ዋነኛው ሩስላን ቦጎስሎቭስኪ በዚህ ሥራው ምክንያት ከአንድ ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1960ዎቹ የቴፕ መቅረጫ በየቤቱ እየገባ ሲሄድ የአጥንት ሸክላ ዘመን አከተመ።

እ.ኤ.አ. በ1954 በኒው ዮርክ የተቀረጸውን የቢል ሄሊን «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» በእንዲህ ያለ ሸክላ የሰማ የሌኒንግራድ ወጣት ምን ሰማ? ብዙውን የመርፌውን ፍትጊያ ሰማ። ቃሉ በማያውቀው ቋንቋ የተነገረ ነው። በእጁ የቀረው ምቱና የድምፁ ግለት ነው፤ የጎደለውን ሁሉ ከገዛ ልቡ አምጥቶ ሞላው። ለዚህም ገንዘብ ከፈለ፤ ስጋትም ከፈለ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ዘፈን ጥርት ብሎ በታተመ ሸክላ ቢያገኘው የሆነ ነገር የቀነሰ ሊመስለው ይችላል። የቀነሰው ያ የራሱ ሙሌት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ፣ የተወደደ ዘፈን ሁሉ የትዝታ ጥላ ነው፣ በራሱ ዋጋ የለውም ብሎ መደምደም የሚቃጣው አይጠፋም። ድምዳሜው የቸኮለ ነው። ማንኛውም ዘፈን ለአንድ ጆሮ አዲስ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ጆሮ የሚመጣውን እያወቀ ይጠብቃል፤ የከበሮው ምት ሳይደርስ ጣት ይቀድመዋል። ሥራው ያልጠበቀውን ሰው እንዴት እንደሚያስደነግጥ ሊናገር የሚችለው ያ የመጀመሪያው ሰሚ ብቻ ነው። ማስደነቅ ደግሞ የሥራው የራሱ ባሕርይ ነው። ስለዚህ «የዚያን ምሽት ቆሜ ቀረሁ» የሚል ሰው፣ ምንም እንኳ ስለ ራሱ የሚያወራ ቢመስል፣ ስለ ዘፈኑ አንድ እውነት ነግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሜሎዲያ የተባለው የሶቪየት ሸክላ አሳታሚ ባወጣው አንድ የልዩ ልዩ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ የቢትልስ «ገርል» ገብቶ ነበር። ዘፈኑ የተመዘገበው ግን እንደ እንግሊዝ ሕዝባዊ ዜማ ነው። ያን ሸክላ ገዝቶ የወደደ ሰው ስለ ባለቤቶቹ ተሳስቷል፤ ስለ ዜማው ግን አልተሳሳተም። እንዲያውም ዝናቸው ሳይጫነው ስለ ሰማ፣ ቃሉ ከብዙ አዋቂ ነን ባዮች ቃል የነጻ ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ አስተዋይ ነው። ትዝታ የሚለው ቃል ያለፈውን ማሰብን፣ አንድን የሙዚቃ ቅኝትና በዚያ ቅኝት የሚዜመውን ዘፈን በአንድነት ይጠራል። የትዝታ ዘፋኝ ያፈቀራት ከሴት ሁሉ ትበልጥ እንደ ሆነ እንዲፈረድለት አይሟገትም። ናፍቆቱን ይመሰክራል፤ ሰሚውም ልጅቱን ሳያያት ያምነዋል።

ምስክር ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ፍርድ የዳኛ ነው። የወጣትነቱን ዘፈን የሚያወድስ ሰው ምስክር ነው፤ ጥፋት የሚመጣው ቃሉን ከሰጠበት ተነሥቶ በዳኛው ወንበር የተቀመጠ እንደ ሆነ ነው። «ሮክ ጫጫታ ነው» ሲባሉ የተቆጡት የ1950ዎቹ ወጣቶች ዛሬ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ሙዚቃ በዚያው ቃል የሚነቅፉም በመካከላቸው አሉ። ተማሪው በስልኩ ያገኘውን ዘፈን የናቀ አስተማሪ፣ ዘፈኑ መቼና እንዴት እንዳገኘው አስቀድሞ ሊጠይቀው ይገባ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ «ለሁሉም እንደየትዝታው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፤ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናልና። ፈተናውም ይህ ነው፤ ዘፈኑ ያን ትዝታ የማይጋራውን እንግዳ ጆሮ ይይዛል ወይስ አይዝም?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ፖል ማካርትኒ በሞስኮ ቀይ አደባባይ ዘፈነ። አደባባዩን ከሞሉት መካከል የቢትልስን ዜማ በተደበቀ ቴፕ የለመዱ ሰዎች ነበሩ፤ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተበተነ ከብዙ ዓመት በኋላ ተወልደው ያለ አንዳች ስጋት የሰሙትም ነበሩ። ዘፈኑ ምን ያህል እንደሚያስደነቅ የፊተኞቹ ይጠየቃሉ፤ ያለ እነርሱ ትዝታ ይቆም እንደ ሆነ ግን የኋለኞቹ።