ያልተጻፈ ነገር የሌለ ነገር ነውን?

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከሠራው ሥራ ይልቅ የተናገረው ቃል ያሳስበዋል። እኔም በመምህርነት ከኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንዲት ቃል እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች፤ ይህችውም «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ያልኋት ናት። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ታሪኩን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ከዚያም በኋላ «የለም» በማለትና «አላውቅም» በማለት መካከል ምን ያህል ርቀት እንዳለ አብረን እንመርምር።

ነገሩ የሆነው በ1987 ዓ.ም. በመስከረም ወር ነው። በዚያን ጊዜ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ዝናሙ ገና ጨርሶ አላባራም ነበርና መስኩ ሁሉ እርጥብ ነበረ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፥ መንደርዋ ከደንቆሮ ጫካ ግርጌ የሆነ፥ ከቡጢ ከፍ የሚል ነጭና ክብ ነገር በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፥ ይኸም የጅብ ጥላ ወገን ነው፤ ሲደርቅ አያቴ ዱቄቱን ቍስል ላይ ትነሰንሰዋለች» አለችኝ።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ የታተመን ነገር ከሁሉ አብልጬ አከብር ነበር። በመጽሐፌ ላይ የተሣለው እንጉዳይ እግርና ጥላ አለው፤ ልጅቱ ያመጣችው ግን እግርም ጥላም አልነበረውም። ስለዚህ ሳላመነታ፥ «እንጉዳይ ማለት እግርና ጥላ ያለው ነው፤ እንዲህ ያለ እንጉዳይ የለም። አያትሽ ስላልተማሩ ተሳስተዋል» አልኋት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጅቱም ነገሩን መልሳ በነጠላዋ ጠቅልላ ተቀመጠች። በዚያ ዓመት ለመጠየቅም ሆነ ለመመለስ ሁለተኛ እጅዋን አላወጣችም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ፈንገስ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ እጄ ገባ። በውስጡም እንደ ኳስ ክብ የሆኑ፥ ሲያረጁ ሆዳቸው ወደ ቡናማ ዱቄት የሚለወጥ እንጉዳዮች እንዳሉ አነበብሁ፤ ዱቄቱ ዘራቸው ነው። የልጅቱ አያት ፊደል ሳይቈጥሩ ወገኑን ለይተው አውቀውታል። ጫካው ስሙን በከንቱ ተሸከመ እንጂ፥ ደንቆሮውስ እኔ ነበርሁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

እንግዲህ ሊቃውንት «ለአገሩ አዲስ ነው» የሚሉት እንጉዳይ ምን ዓይነት ነው? ሦስት ዓይነት አለው። አንደኛው በዓለም ሁሉ ገና በሳይንስ ስም ያልወጣለት ነው። ሁለተኛው በሌላ አገር የታወቀ ሆኖ፥ በዚህ አገር መኖሩ ግን ያልተጻፈ ነው። ሦስተኛው ከውጭ አገር በመጣ ችግኝ ሥርና አፈር ተሸሽጎ የገባ ነው። ሦስተኛው በእርግጥ ለምድሩ እንግዳ ነው። በፊተኞቹ በሁለቱ ግን አዲሱ መዝገቡ ነው፤ እንጉዳዩማ ዝናም በዘነመ ቍጥር ይበቅል ነበር።

መዝገቡም ምን ያህል ጐዶሎ እንደ ሆነ ተመልከት። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የፈንገስ ዓይነቶች ወደ 150,000 ይጠጋሉ፤ ሊቃውንት ግን በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን ይበልጣሉ ብለው ይገምታሉ። ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋራ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ደክመው ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፀዋትን በታላላቅ መጻሕፍት መዝግበዋል። በዚያ ውስጥ እንጉዳይ የለም፤ ምክንያቱም እንጉዳይ ተክል አይደለም። ሮበርት ዊታከር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1969 እ.ኤ.አ. ፈንገስን ለብቻው እንደ አንድ መንግሥት ቈጥሮ ከተክልም ከእንስሳም ለይቶታል። እንግዲህ ያን ትልቅ መጽሐፍ ገልጦ «በኢትዮጵያ እንጉዳይ የለም» የሚል ሰው ቢኖር ምን እንለዋለን? እኔ በክፍል ውስጥ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ትልቅ ዛፍ እንኳ ከመዝገብ ሊቀር ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ማትስ ቱሊን የተባሉ የስዊድን የዕፀዋት ሊቅ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በኦጋዴን ምድር ስላገኙት ዛፍ ጻፉ፤ ስሙንም አካሲያ ፉሞሳ አሉት። ይህ ዛፍ ወደ 8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ሸፍኖ ሳለ እስከዚያ ድረስ በሳይንስ ስም አልነበረውም። ግመሉን በዛፉ ሥር ያሳርፍ የነበረ እረኛ አላየውም ነበርን? ስም ያወጣ ሁሉ ፈጣሪ አይደለም፤ መጀመሪያ የጻፈም ሁሉ መጀመሪያ ያየ አይደለም።

ስለዚህ አስተዋይ ተመራማሪ አስቀድሞ ባለ አገሩን ይጠይቃል። ኖቡኮ ቱኖ የተባሉት ጃፓናዊት በ2001 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖረው የማጃንግ ሕዝብ በእንጉዳይ እንዴት እንደሚጠቀም ጽፈው አሳትመዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያና የስፔን ሊቃውንት የሚበላውን የአገራችንን የዱር እንጉዳይ «ችላ የተባለ የደን ሀብት» ሲሉ ጽፈዋል።

«እንግዲያስ አያቶቻችን ያሉትን ሁሉ እንመን ትላለህን?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። እንዲህስ አልልም። አማኒታ ፋሎይዴስ የሚባል ጕበትን የሚያጠፋ ገዳይ እንጉዳይ አለ። ከአውሮፓ ዛፎች ሥር ጋራ ወደ አውስትራሊያና ወደ አሜሪካ ተሻግሯል። ከእስያ ወደ እነዚያ አገሮች ከፈለሱት ሰዎች መካከል፥ በአገራቸው ከልጅነት ጀምረው የሚበሉት እንጉዳይ መስሏቸው በልተውት የሞቱ አሉ። ከወላጆቻቸው የተማሩት በአገሩ እውነት ነበረ፤ ሳይመረመር ወደ ሌላ ምድር ሲሻገር ግን ገደለ። የዚያችም አያት ዱቄት ለቍስል መድኃኒት መሆኑን ሳይመረመር እኔ አልመሰክርም። «የለም» ብሎ መቸኰል በደል እንደ ሆነ፥ «አለ» ብሎ መቸኰልም በደል ነው።

የመልካም መዛጊ ሥራ በሁለቱ መካከል ይቆማል። በጫካ ውስጥ ያልተመዘገበ የሚመስል እንጉዳይ ቢያገኝ «አዲስ አገኘሁ» ብሎ አይጮኽም። ገና ትኩስ ሳለ መልኩን፥ ሽታውንና የበቀለበትን ዛፍ ይጽፋል፤ ጥላውን ወረቀት ላይ ደፍቶ አሳድሮ የሚራገፈውን ዱቄት ቀለም ያያል፤ ዘሩን በማይክሮስኮፕ ይመረምራል፤ አድርቆም ቦታውንና ቀኑን ጽፎ ያኖረዋል፤ ቀድሞ ከተጻፈው ጋራ ያስተያየዋል። በዛሬው ዘመን ዲ ኤን ኤውንም ያስመረምራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው «ተሳስተሃል» ለማለት እንዲችል ነው። እኔ ግን ያን ቀን «ተሳስተሃል» የምትለኝን ልጅ አፍ ዘጋሁ።

የደንቆሮ ጫካ ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ ቢጠፋ ዓለም ያዝናል፤ ስሙ ተጽፏልና። ከአንድ ኮሶ ሥር የሚበቅል ያልተጻፈ እንጉዳይ ግን ዛፉ ቢቈረጥ አልቃሽ እንኳ ሳይኖረው ይጠፋል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን በመካነ ሰላም ገበያ ያችን ልጅ አገኘኋት፤ የልጆች እናት ሆናለች። «ልጄ፥ ስለዚያ እንጉዳይ አያትሽ ልክ ነበሩ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት። ጥቂት አሰበችና፥ «ጋሼ፥ እንጉዳዩንስ ረስቼዋለሁ፤ ሳቁን ግን አልረሳሁትም» አለችኝ። ይቅር ማለቱንም አልነፈገችኝም። አያትዋ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያውቁት ከነበረው ሁሉ አንዱንም የጻፈላቸው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተም ነገ መምህር፥ ሐኪም ወይም ዳኛ ትሆን ይሆናል። አንዲት ልጅ በነጠላዋ አንድ ነገር ጠቅልላ ብታመጣልህ፥ ምንም እንኳ በመጽሐፍህ ባታገኘው፥ «የለም» ከማለትህ በፊት «የት አገኘሽው?» ብለህ ጠይቃት፤ ከዚያም የምትነግርህን ጻፍ።