ማየትስ ከመውሰድ ይቆጠራል ወይ?

ጥቅምት ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ወሩ የጽጌ ነው፤ መስኩ ገና አበባውን አልጨረሰም። ፓሪስ ግን ቅጠሏን እያራገፈች ነበር። መስከረም 26 «መፀው ገባ» ስንል በዓይናችን የሚመጣው አበባ ነው፤ ፈረንጆቹ በዚያው ሰሞን የሚያወሩት ስለ መርገፍ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቸገር ነበር። የውጭ አገሩን ግጥም «መፀው» ብዬ ስተረጉምላቸው ተማሪዎቼ ፈገግ ይላሉ፤ ገጣሚው እኮ እያለቀሰ ነው!

የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ትርጉም አይደለም፤ ስለ አንድ የእግር መንገድ ነው። ያንጊዜ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ዛሬ ፓሪስ ትኖራለች። ልጅ አልኩ እንጂ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። «ጋሼ፣ ዛሬ ሜትሮ የለም፤ በእግር ነው የምወስድዎ» ብላ ሩ ደ ሴን የሚባል ጎዳና ይዛኝ ሄደች። ከወንዙ ዳር፣ ከፈረንሳይ አካዳሚ ሕንፃ ጀርባ ተነስቶ ወደ ሴን ሱልፒስ የሚዘልቅ ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ጋለሪ ብቻ። የታወቀው የቦዛር የሥዕል ትምህርት ቤት እዚያው ጎረቤት ነው፤ ላ ፓሌት የሚሉት የሰዓሊዎች ካፌም አንዱ ጥግ ላይ አለ። (የቡናውን ዋጋ አልነግራችሁም፤ ጨጓራችሁን አታምሙ።)

እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ሰው ቀስ ይላል። የሚቸኩልበት ነገር የለውማ። መስኮት ላይ ይቆማል፣ ያያል፣ ያልፋል። ሥዕሉን እንደማይገዛ እሱም ያውቃል፣ ባለጋለሪውም ያውቃል፤ ሆኖም ማንም አይቆጣም። ማየት በነጻ ነው። እንዲያውም ለድሃ የተተወ አንድ ሀብት ቢኖር ይኸው ማየት ነው እያልኩ በልቤ ስፈላሰፍ መስኮቱ ተለወጠ።

ዘመናዊ ሥዕል ከሚሸጥበት ቤት ቀጥሎ ያለው መስኮት ውስጥ ጭምብልና የእንጨት ቅርጽ ቆሟል። ከማሊ፣ ከኮትዲቯር፣ ከጋቦን የመጡ። ይሄ ሰፈር የዚህ ንግድ ዋና መናኸሪያ ነው፤ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመስከረሙ የዓለም ነጋዴና ሰብሳቢ የሚገናኝበት ትርዒትም አለው። እያንዳንዱ ቅርጽ ሥር ትንሽ ካርድ አለች። የሕዝቡ ስም አለ፣ የእንጨቱ ዓይነት አለ፣ ክፍለ ዘመኑ አለ። የጠራቢው ስም የለም። ጎረቤት ያለው ሥዕል ላይ ግን የሰዓሊው ስም ከሥዕሉ ይጎላል።

ልጅቷ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ስመጣ በጣም ደስ ይለኛል። ከዚያ ደስ ማለቱ ያሳፍረኛል» አለችኝ።

ምን ልበላት? ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ስለ እስክንድር ቦጎሲያን አወራሁላት። እስክንድር በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እዚችው ከተማ ኖሮ ሥሏል፤ ከሥራዎቹ አንዱ ዛሬ ኒውዮርክ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። እሱ ግን ሥራውን በስሙ ፈርሞ ለዓለም ያቀረበ ሰው ነው። ሥዕሉ የትም ቢሰቀል ልብ አይቆረቁርም። ስለዚህ ያሳፈራት ነገር የጥበብ ከአገር መውጣት አይደለም ማለት ነው። ሌላ ነገር ነው።

ያንን ሌላ ነገር ፍለጋ ወንዙን ይዘን ወደ ምዕራብ ወረድን። ከኦርሴ ሙዚየም አልፈን፣ የደረቀ ቅጠል እየረገጥን፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን በ2006 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኬ ብራንሊ ሙዚየም ደረስን። እዚያ የጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። ቅጂው አይደለም፤ ዋናው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከዳካር ተነስቶ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ጅቡቲ ተጓዘ። በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ወራት ከረመ። የቤተ ክርስቲያኑን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው አላቀቀና በምትኩ የቡድኑ ሰዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን አዲስ ቅጂዎች ለጠፈ። አሮጌ ሰጥቶ አዲስ መቀበል! ለደብሩ ሰዎች እንደዚያ ሳይመስላቸው አልቀረም። ሚሼል ሌሪስ የቡድኑ ጸሐፊ ነበር፤ በ1934 ባሳተመው ማስታወሻው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማሊ ውስጥ ከአንድ መንደር የአምልኮ ዕቃ እንዴት አስፈራርተው እንደወሰዱ ሳይደብቅ ጽፎታል። ሌባ ሆኖ ስለ ሌብነቱ ይህን ያህል እውነት የጻፈ ሰው ብዙ አላውቅም። እውነት መጻፉ ግን ዕቃውን አልመለሰም።

እና ሥዕሎቹ ፊት ቆምኩ። ፈረሰኛ ቅዱሳን፣ ያ የምናውቀው ቀይና ቢጫ። ዓይን ዓይን ብቻ። በአገራችን የአሣሣል ልማድ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ኃጥእ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይኑ። ባለ ሁለት ዓይኖቹ ሁሉ ያዩኛል። ለማን እንደተሣሉ ታውቃላችሁ፤ ጫማውን አውልቆ፣ ጧፍ ይዞ፣ ምሕረት ሊለምን ለሚገባ ሰው። እኔ ጫማ አድርጌ ትኬት ቆርጬ ነው የቆምኩት።

ተናደድኩ። «ሌቦች!» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ መሰለኝ አንዲት አሮጊት ዞር አለች። ከዚያም የታወቀውን ክርክር ደረደርኩ። እዚያው ቢቆይ ዝናብ ይበላው ነበር ይላሉ፤ ይበላው ይሆናል። የቤታችን ጣራ ማፍሰሱ ግን ለጎረቤት የሳጥናችንን ቁልፍ አይሰጠውም። አዳንን የሚል ሰው ካዳነ በኋላ ይመልሳላ! ፈረንሳይ ራሷ በ2021 ለቤኒን 26 ቅርሶች መልሳለች፤ ጣሊያንም የአክሱምን ሐውልት በ2005 መልሳልናለች። ሲፈለግ ይቻላል።

ልጅቷ እስክጨርስ ጠብቃ፣ በትሕትና፣ «እርስዎ ቤት ያለውስ ጋሼ?» አለች።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ ተማሪዎቼን ይዤ ለጉብኝት ጎንደር ሄጄ ነበር። እሷም ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። አንድ ጩጬ ልጅ ከጋቢው ሥር ብራና አወጣ፤ ከመጽሐፍ የተገነጠለ አንድ ቅጠል፣ ፈረሰኛ ቅዱስ የተሣለበት። ጠርዙ በምላጭ መቆረጡ ይታያል። «የማን ነው?» አልኩት። «የኔ ነው» አለኝ። ይህን መልስ ለማመን መምህርነቴ አልከለከለኝም። አርባ ብር ሰጠሁት። ያን ጊዜ ለተማሪዎቹ ምን እንዳልኳቸው ረስቼው ነበር፤ እሷ አልረሳችም። «ፈረንጅ እጅ ከሚገባ እኔ ላድነው» ብዬ ነበር አሉ።

ሃያ ምናምን ዓመት ሳሎኔ ተሰቅሎ ኖረ። እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ፣ ስለ ቀለሙ አብራራለሁ። ስለ ምላጩ አላብራራሁም። ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ያስመዝግብ የሚለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሲወጣ ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ሌላ ሰውን የሚመለከት መስሎኝ ገጹን ገለጥኩት።

ግሪዮልና እኔ አንድ ነን አልልም። እሱ ግድግዳ ሙሉ ነው የወሰደው፣ እኔ አንድ ቅጠል። ነገር ግን ያ ልጅ ገዥ ባያገኝ ምላጩን ከየት ያመጣው ነበር? ለካስ ልጅቷን ሩ ደ ሴን ላይ ያሳፈራት ነገር ይኸ ነው። ዓይን ብቻውን አይሰርቅም፤ ግን የሚያደንቅ ዓይን እንዳለ ያወቀ እጅ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ ዓይኔንም ኪሴንም ነበር የከፈትኩት። ያ የጎንደር ሰዓሊ እኔን ሊሥል ቢነሳ በየትኛው በኩል እንደሚያዞረኝ እያሰብኩ ከሙዚየሙ ወጣሁ። ልጅቷ ስለ ሌላ ነገር አወራችኝ፤ ደግ ናት።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ብራናውን አወረድኩት። ጎንደር ላለ አንድ ወዳጄ ስደውልለት የመጀመሪያው ጥያቄው «የየት ደብር ነው?» የሚል ሆነ። አላውቅም። አልጠየቅኩማ! ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፣ በሕይወት ካለ፤ መጽሐፉም አንድ ቅጠል ጎድሎት የሆነ ቦታ ይነበብ ይሆናል። ወዳጄ በየደብሩ እጠይቃለሁ ብሎኛል። በቅርስ መዝገብ ለማስገባትም ጀምሬያለሁ።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ብራናው የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ባለቤቴ ሌላ ሥዕል እንስቀልበት ትላለች። ቆይ እስቲ አልኳት።