ተጋባዡ ተናጋሪና የመንገዱ ዳኛ፤ ስለ ፍትሕ ንግግር የቀረበ ሐተታ

በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች የሚገኙ የበጎ አገልግሎት ክበባት፣ ማለትም ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና መምህሩ መዋጮ እያወጡ ትምህርት ቤት የሚያሳድሱባቸውና ችግረኛ የሚረዱባቸው ስብስቦች፣ በስብሰባቸው ላይ ተጋባዥ ተናጋሪ አቅርበው ስለ ፍትሕና ስለ ማኅበረሰብ ማስነገርን እንደ ደንብ ይዘውታል። የዚህ ሐተታ ጸሐፊ ከእነዚህ ክበባት በአንዱ፣ በጣና ዳር ባለ አዳራሽ፣ እንዲህ ያሉ ንግግሮችን ሲያዳምጥ ከርሞ መልስ ያጣለት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ስለ ፍትሕ ተናግሮ የሚሄድ እንግዳ ፍትሕ ለተጓደለበት ሰው ምን ይፈይድለታል የሚል ነው። ጥያቄው የድፍረት መልክ ሊኖረው ይችላል፤ የተነሣው ግን ጸሐፊው የሚያከብራቸው ሰዎች ሲናገሩ ሰምቶና ከሌላው ጋር አጨብጭቦ፣ ቤቱ ሲገባ «ምን ተባለ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው በማጣቱ ነው።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። የጸሐፊው አጎት ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር በነበራቸው ማሳ ወሰን የተነሣ ከጎረቤታቸው ጋር ተካሰው፣ አንድ ጊዜ ዳኛው ተዛውረዋል፣ አንድ ጊዜ መዝገቡ አልተገኘም፣ ሌላ ጊዜ የማስረጃው ማኅተም አይነበብም እየተባሉ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲንከራተቱ ፍርዱን ሳይሰሙ ሞቱ። ለቅሶው ገና ሳይበርድ ክበቡ አንድ የሕግ ባለሙያ ጋብዞ ስለ ፍትሕና አብሮ ስለ መኖር አስነገረ። በመድረኩ ላይ ባነር ተሰቅሏል፤ በየጠረጴዛው ሃይላንድ ውሃ ተደርድሯል፤ ፕሮጀክተሩ እየበራ እየጠፋ ቢያስቸግርም እንግዳው ያለ እሱ በጥሩ አንደበት ተናገሩ። የጥያቄው ጊዜ ሲደርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ጌታዬ፣ ይህ እርስዎ የሚሉት ፍትሕ በየትኛው መስኮት ነው የሚሰጠው?» ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እንግዳውም አብረው ሳቁ፤ መድረክ መሪውም ሰዓቱን አይቶ ሰውን ወደ ሻይ ጋበዘ። ከሻይ በኋላ ለእንግዳው ጋቢ ተደረበላቸው፤ ፎቶም ተነሡ። አዛውንቱ የጠየቁት ግን የምራቸውን ነበር፤ ባለጉዳይ ሆኖ የፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ከመስኮት ሌላ የሚያውቀው የፍትሕ በር ስለሌለ ጥያቄያቸው ከዚያ ቀን ንግግር ሁሉ ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ነበር።

ተጋባዥ ተናጋሪ የማቅረቡ ልማድ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሮታሪ የተባለውን ክበብ ሲመሠርት፣ አባላቱ በየተራ በአንዳቸው ቢሮ እየተገናኙ ስለ ሥራቸው ይወያዩ ነበር፤ ክበቦቹ ሲበዙና ሲሰፉ ከውጭ ሰው ጠርቶ ማስነገር የስብሰባው አካል ሆነ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም ልማዱ ከክበቡ ጋር አዲስ አበባ ገባ። ሮታሪዎች ስለሚያስቡት፣ ስለሚናገሩትና ስለሚያደርጉት ነገር ራሳቸውን የሚጠይቋቸው አራት ጥያቄዎች አሏቸው። እነዚህን ኸርበርት ቴይለር የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1932 ያዘጋጃቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ነገሩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ስለ መሆኑ ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሆኖም የሚመለከታቸው እነማን እንደሆኑ የሚወስነው የግብዣ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ነው። ይህ ግልጽ ስለሆነ ማስረጃ አይሻም።

ጸሐፊው የሚመለከታቸውን የሚወስነው ማነው ብሎ ለማሰብ የዘገየው በመምህራኑ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በወጣትነቱ ሕግ ያስተማሩት ሰዎች ፍትሕ ማለት ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው የሚለውን የሮማውያን ብያኔ አስጽፈውት፣ የሚገባው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ማነው ብሎ ሲጠይቅ «በፈተና አይመጣም» ብለውታል። ሽምግልናንም፣ ማለትም ባለጉዳዮች በመረጧቸው ሰዎች ፊት ቀርበው የሚታረቁበትን ሥርዓት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 ጠራርጎታል ብለው አስተምረዋል፤ አንቀጹ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የቀድሞ ልማዶችን እንደሚሽር እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያው ሕግ ሲወጣ፣ ከዚሁ አንቀጽ በፊት ባሉት ገጾች፣ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ ሰዎች ክርክራቸውን ራሳቸው በስምምነት፣ በአስታራቂና በመረጡት ዳኛ የሚጨርሱበትን መንገድ በዝርዝር ጽፎ ነበር። መምህራኑ ይህን አላነበቡትም ማለት ያስቸግራል፤ አንብበው ዘለሉት ማለት ደግሞ ይከብዳል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ጸሐፊው እስከ ዛሬ አልወሰነም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳያቸው በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ እንዲታይ ፈቅዷል፤ በአንቀጽ 37 ደግሞ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የጸሐፊው አጎት ይህ መብት ነበራቸው፤ ያጡት ውሳኔውን ነው።

በአገሩ የቆየውን ልማድ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ስለ ፍትሕ ሲናገር መስማት ሊያስገርመው አይገባም ነበር፤ ቀድሞ እንግዳው ራሱ ይፈርድ ነበርና። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ ወይም አበዳሪ ተበዳሪውን ቢያገኘው፣ «በሕግ አምላክ» ብሎ ያቆመዋል፤ ከዚያም የሚያልፈውን መንገደኛ ጠርተው ዳኛ ያደርጉታል። ይህ የመንገድ ዳኛ ይባል ነበር። መንገደኛው ከበቅሎው ወርዶ የዛፍ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ከሳሽ ሲናገር ተከሳሽ ዝም ይላል፤ ተከሳሽ ሲመልስ ከሳሽ ዝም ይላል፤ እያንዳንዳቸው ዋስ ይጠራሉ። ነገሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ ሹሙ ይመራዋል፤ ካልሆነ ይበይናል፤ ከዚያም መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ሰው እንደ ክበቡ ተናጋሪ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ እንደ እርሱም ይሄዳል፤ ልዩነቱ ሳይሰማ አለመናገሩ ነው። የአዳራሹ እንግዳ ግን ማንንም ሳይሰማ ይናገራል፤ ሲጨርስም የሚጠየቀው ስለ ንግግሩ እንጂ ስለ ብይኑ አይደለም።

እዚህ ላይ ሐተታው ቢያበቃ ለጸሐፊው በቀለለው ነበር። ነገር ግን አንድ ተቃውሞ አለ፤ ደጋግሞ ቢመልሰውም ተመልሶ ይመጣል። ተቃውሞው፣ የመንገዱን ዳኛና የመንደሩን ሽማግሌ የምታመሰግነው መንደሩ ራሱ ፍትሕ የሚያውቅ ይመስል ነው፤ መንደሩ ራሱ በዳይ ሲሆንስ ምን ታደርጋለህ የሚል ነው። ሽማግሌ የሚመረጠው ከሚታወቅ ሰው መካከል ነው፤ የሚታወቀው ሰው ደግሞ መሬት ያለው፣ ወገን ያለው፣ ብዙውን ጊዜም ወንድ ነው። ባልዋ የሞተባት ሴት ከባልዋ ወንድሞች ጋር ስትካሰስ የሚያስታርቋት ሽማግሌዎች ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ማኅበር የሚጠጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅቷ ዕድሜዋ ሳይደርስ ስትዳር ነገሩን በዕርቅ የሸፈኑት ብዙ ጊዜ እነዚሁ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ወንጀል ነው የሚለው ቃል ከመንደሩ አልወጣም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ወንጀል መሆኑን በግልጽ ሲደነግግ ነገሩን ለመንደሩ የነገሩት ከውጭ የመጡ ተናጋሪዎች ነበሩ።

ተቃውሞው ከሁሉ ይልቅ የሚያይለው ግን በራሱ በጣና ዳር ነው። ራሳቸውን ነገደ ወይጦ የሚሉት ሰዎች በሐይቁ ዙሪያና በባሕር ዳር የሚኖሩ፣ ከደንገል ታንኳ በመሥራት፣ ዓሣ በማጥመድና በቀድሞ ዘመን ጉማሬ በማደን የታወቁ ናቸው፤ ቋንቋቸው ዛሬ አማርኛ ነው፤ የቀደመ ቋንቋቸው ጠፍቷል። ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ በጥብቅ አስሮ ታንኳ ማድረግ እጅ የሚያቆስል ሥራ ነው፤ ታንኳውም ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ወደ ዳር ይጎተትና ይደርቃል፤ በጥቂት ጊዜም ያልቅና እንደገና ይሠራል። ይህን የሚሠራውን ሰው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለረጅም ዘመን በማዕድ አላቀረበውም፤ በጋብቻም አልተዛመደውም፤ ሙስሊም ነኝ ቢልም ጉማሬ በልተሃል ተብሎ ከሙስሊሙ ተገለለ። የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመናፈሻ ሲፈለግ ደንገሉም አብሮ ተመናመነ። ታዲያ እንደ ሽማግሌው ሁሉ ዕድሩም፣ ማለትም ቀባሪዎች መዋጮ የሚያወጡበትና ያልተገኘው መቀጮ የሚከፍልበት ማኅበር፣ በደንብና በዳኛ የሚመራ ነው ብሎ ማመስገን፣ በዕድሩ የለቅሶ ድንኳን ሥር ላልተቀመጠው ሰው ምን ይነግረዋል? የመንገዱ ዳኛስ ቢሆን፣ ለእርሱ ከበቅሎው ይወርድለት ነበርን?

ጸሐፊው ለዚህ ተቃውሞ የሰጠው የመጀመሪያ መልስ እንግዳው ደፋር የሆነው የሚሄድ በመሆኑ ነው፣ ዋጋ የማያስከፍል ድፍረት ደግሞ ድፍረት ሊባል አይችልም የሚል ነበር። መልሱ ግን አይቆምም። የመንደሩ ሰው መናገር ያልቻለው ነገ ከበዳዩ ጋር በአንድ ለቅሶ ስለሚቀመጥ ነው፤ እንግዳው የሚችለው ስለማይቀመጥ ነው፤ ስለዚህ መሄዱ ነውሩ ብቻ ሳይሆን ጥቅሙም ነው። ሁለተኛው መልስ ይህ ዳርቻ ስለ እውነት ሊናገሩ የመጡ እንግዶችን ቀድሞ አይቷል የሚል ነበር። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ከእነርሱም እ.ኤ.አ. በ1603 አገር የገባው ፔድሮ ፓኤዝ፣ በጎርጎራ አካባቢ በንጉሡ በሱስንዮስ ፊት አስተማሩ፤ ንጉሡ ያሳመነውን ሕዝብ በትምህርት፣ ያላሳመነውን በሰይፍ ለመመለስ ሲሞክር ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሆኖም ይህ ምሳሌ የሚያስረዳው እንግዳ ከሥልጣን ጋር ሲጣመር የሚደርሰውን ነው፤ የክበቡ እንግዳ ሰይፍ የለውም፤ ያለው ማይክሮፎን ነው፤ እርሱም ይቆራረጣል።

እንግዳነትና ጎረቤትነት ሊገናኙ እንደሚችሉ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌም አለ፤ ይኸውም ከሐይቁ ምሥራቅ በእንፍራንዝ የተጻፈ ነው የሚባለው፣ ዘርአ ያዕቆብ ለተባለ ፈላስፋ የሚሰጠው «ሐተታ» የተሰኘ ድርሰት ነው፤ ስለ ደራሲው ሊቃውንት ይከራከራሉ። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሰቱ የ19ኛው መቶ ዓመት የውጭ ሰው ሥራ ነው ብሎ ካሳተመ ወዲህ ክርክሩ አልተዘጋም፤ ጸሐፊው በዚያ ክርክር ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነገር የሚጠቅመው የትረካው ፍሬ ነው፤ በትረካው መሠረት ሰውዬው ከስደት ተመልሶ እንግዳ ሆኖ ወደ እንፍራንዝ ገባ፣ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት እየጻፈና ልጆቹን እያስተማረ ኖረ፣ ሚስት አገባ፣ ሽማግሌ ሆኖ እዚያው ሞተ። እንግዳ ሆኖ አየ፤ ጎረቤት ሆኖ ኖረ። ድርሰቱ የማንም ይሁን የማን፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሳይበቃ ሁለቱም በአንድ ሰው ሊገኙ እንደሚችሉ ያሳስባል፤ ቢሆንም ክበቡ ተናጋሪውን ዕድሜ ልኩን እዚህ ኑር ሊለው አይችልም።

ስለዚህ ጸሐፊው ለክበቡ ሰብሳቢዎች በጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ አነስ ያለ ነው። ተጋባዡ ከመናገሩ በፊት አንድ ሰው ይስማ፤ የሚሰማውንም ሰው ክበቡ አይምረጥለት፤ ሰውየውም ከአዳራሹ ውጭ ካለው ወገን፣ ለምሳሌ ከታንኳ ሠሪዎቹ፣ መሬቷን ካጣች ባልቴት ወይም ቀጠሮ ካንገላታው ገበሬ መካከል ይሁን፤ እንግዳውም በዚያ በሰማው ነገር ላይ ብቻ ይናገር፤ ተመልሶም ምን እንደደረሰ ይጠይቅ። ሰብሳቢዎቹ በአክብሮት የሰጡት መልስ በፍርድ ቤት በተያዘ ጉዳይ ላይ በአደባባይ መናገር የዳኞችን ነፃነት ይነካል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ይላል የሚል ነው።

መልሱ ክብደት አለው። የአጎቱ መዝገብ በወራሾች ስም ገና ክፍት ስለሆነ፣ ጸሐፊው የራሱን ጉዳይ ወደ መድረክ ለማምጣት ፈልጎ ይሆናል ብሎ የጠረጠረው ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት ያስቸግራል፤ በተያዙ መዝገቦችም ላይ ሐሳቡን አይገፋም። የተዘጉት መዝገቦች ግን በየመደርደሪያው አሉ፤ ከቶ ያልተከፈቱት ደግሞ ይበዛሉ፤ ለሐይቁ ዳር ሰው ማን ቀጠሮ ሰጥቶት ያውቃል? በእነዚህ ላይ የዳኛ ነፃነት እንዴት እንደሚነካ ሰብሳቢዎቹ እስካላስረዱት ድረስ ጸሐፊው ከሐሳቡ አይነሣም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲወጣም ያንኑ ደብዳቤ፣ የአጎቱን ነገር የሚያነሣውን መስመር ሰርዞ፣ መልሶ ያስገባል።