ልጆችን ከሚጎዳ ነገር ስለ መከልከል

አንባቢ ሆይ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የሚያሰክር መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥለት ከልክሏል። ስለዚህም አንዳንድ ሰዎች «እግዚአብሔር ሰውን ባለ ፈቃድ አድርጎ ፈጥሮታል፤ ታዲያ መከልከል ይህን ፈቃድ መንጠቅ አይደለምን?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ክፉውን ስላጣው ብቻ ያልሠራ ሰው ክፉን ተወ ሊባል አይቻልምና። ነገር ግን በጣና ዳር የሚኖር አባት ነፋስ በተነሣ ጊዜ ትንሹ ልጁ ታንኳ ላይ እንዳይወጣ ቢከለክለው፥ መቅዘፍ እስኪችል አቆየለት እንጂ ሐይቁን አልነፈገውም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ወራሹ ሕፃን ሳለ በሞግዚት እጅ እንደሚቆይ ያሳስባል።

«ይህስ የወላጅ እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም» የሚል ቢኖር፥ ልጅ ከደጅ ከወጣ በኋላ የአባቱ ዓይን አይከተለውም፤ በገበያ የሚቀበለው የሌላ ሰው እጅ ነው። የእኛም ችግር ከዚህ ላይ ነው። ጫት በባሕር ዳር ዙሪያ ይተከላል፤ መካድ አይጠቅምም፤ ለብዙ ቤትም እንጀራ ሆኗል። ልጁን ጫት እንዳይቅም የሚገሥጽ አባት ያንኑ ጫት ለጎረቤቱ ልጅ ሸጦ በዋጋው ደብተር ይገዛለታል። ልጁም ደብተሩ ከየት እንደ መጣ ያውቃል።